መብራት ሲመጣ አድራሻው የጠፋበት ሳጥን

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከጎንደር የመጡ ናቸው። ተማክራችሁ ይሁን አይሁን እንጃ፣ አራቱም ስለ ስቶሬጅ (ብዙ ዲስክ ይዞ የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ስለሚያስቀምጠው ሳጥን) እና ስለ አይፒ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ ስለሚገኝበት ቁጥር) ነው። ረጅሙን አስቀድሜዋለሁ። የእሱ ጣጣ የብዙዎቻችሁ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ አይቲ ነኝ። አይቲ ሲባል ፕሪንተሩም፣ ፕሮጀክተሩም፣ የጥበቃ ካሜራውም እኔው ላይ ነው። በቅርቡ አንድ ስቶሬጅ ተገዝቶ ገባ። ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያዝ አንጎል) አለው፤ ከኋላ በየኮንትሮለሩ ማኔጅመንት የሚል አንዳንድ የኔትወርክ ቀዳዳ አለ። የአንደኛውን ከቢሮው ራውተር ጋር ሰካሁት፣ 192.168.1.37 የሚል አድራሻ ያዘ፣ በብራውዘር ገብቼ ዲስኮቹን አዘጋጀሁ፣ ሁሉም ሰላም። ባለፈው ማታ ግን መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱም አልቆ ሁሉም ነገር ጠፋ። ሌሊት ላይ መብራት መጣ። ጠዋት ስገባ ገጹ አይከፈትም፣ ፒንግም («አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ትእዛዝ) አይመልስም። የሚገርመው ፋይሎቹ ከሰርቨሩ ላይ ይከፈታሉ! አለቃዬ «ተቃጥሏል፣ ዋስትናው ሳያልቅ ይመለስ» እያሉ ነው። እውነት ተቃጥሎ ነው? ሁለተኛው ቀዳዳስ ለምንድን ነው? ባዶውን ነው የተውኩት።

መልስ፦ አልተቃጠለም። ሳጥኑን ካርቶን ውስጥ መመለስ ጀምራችሁ ከሆነ አቁሙ።

ምልክቱን አንተው ራስህ ጽፈኸዋል፤ ፋይሎቹ ይከፈታሉ። ፋይል የሚሄድበትና አንተ ሳጥኑን የምታዝበት መንገድ ለየቅል ነው። የፋሲል ግቢ አጥር አሥራ ሁለት በር እንዳለው ታውቃለህ፣ እያንዳንዱም በየሥራው ስም አለው። እልፍኝ በር አለ፣ እምቢልታ በር አለ፣ ባልደራስ በር አለ። እምቢልታ በር ተዘጋ ማለት እልፍኙ ፈረሰ ማለት አይደለም። አንተም የተዘጋብህ አንድ በር ነው። እሱም ቢሆን አልተዘጋም፤ ቦታ ቀይሮብህ ነው።

ሌሊት የሆነው ይመስለኛል እንዲህ ነው። መብራት ሲመጣ ራውተሩም፣ ስዊቹም፣ ስቶሬጁም እኩል ተነሱ። የማኔጅመንት ፖርቱ አድራሻውን ከዲኤችሲፒ ነበር የሚወስደው፤ ማለትም ሲነሳ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ራውተሩ ነቅቶ መልስ ሰጥቷል፣ ግን ሌላ አድራሻ። ርካሽ ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ የሚይዙት በጊዜያዊ ማስታወሻቸው ላይ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ሁሉንም ይረሱታል፤ ስለዚህ የአንተን 37 ዛሬ የአንድ ተማሪ ስልክ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ራውተሩ ገና ሲንፏቀቅ ስቶሬጁ ጠርቶ ጠርቶ መልስ አጥቷል። ያኔ ብዙ ሳጥኖች ከፋብሪካ ይዘውት ወደመጡት አድራሻ ይመለሳሉ። ለምሳሌ ዴል ፓወርቮልት ኤምኢ4 የሚባሉት ዲኤችሲፒ ሲያጡ ኮንትሮለር ኤ 10.0.0.2 ይይዛል፣ ኮንትሮለር ቢ 10.0.0.3፣ ማስኩ (የሰፈሩን ወሰን የሚናገረው ቁጥር) 255.255.255.0 ነው። የአንተን ሳጥን ስም አልነገርከኝም፤ አብሮት የመጣው ትንሽ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ታገኘዋለህ። ያቺን መጽሐፍ ከካርቶኑ ጋር ካልጣላችኋት።

መጀመሪያ ራውተሩ ውስጥ ግባና አድራሻ የሰጣቸውን ዕቃዎች ዝርዝር እይ። የስቶሬጁ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ለኔትወርክ ቀዳዳው የተሰጠው መለያ ቁጥር) እዚያ ካለ አዲሱን ቁጥር አገኘኸው ማለት ነው። ከሌለ ላፕቶፕህን ይዘህ ከሳጥኑ ኋላ ሂድ።

ኬብሉን ከራውተሩ ንቀልና ቀጥታ ላፕቶፕህ ላይ ሰካው። ተራ ኬብል ይበቃል፤ ድሮ የተገላበጠ ኬብል ይፈለግ ነበር፣ የዛሬ ጊጋቢት ፖርቶች ራሳቸው ያስተካክሉታል። ዋይፋይህን አጥፋ። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላትና ላፕቶፑ በዋይፋይ በኩል ሲፈልግ ይውላል። ከዚያ ሳጥንህ እንደ ዴሉ ከሆነ (ካልሆነ የመጽሐፉን ቁጥር ተከተል) ለላፕቶፕህ በእጅህ 10.0.0.50 ስጠው፣ ማስኩን 255.255.255.0፣ ጌትዌዩን (ከሰፈሩ ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር) ባዶ ተወው። 10.0.0.2ን ፒንግ አድርግ። መለሰ? ብራውዘርህ ላይ በኤችቲቲፒኤስ ክፈተው። ብራውዘሩ «ይህ ገጽ አይታመንም» ብሎ ይጮህብሃል፤ ሳጥኑ ለራሱ ራሱ የፈረመው ሰርተፊኬት ስለሆነ ነው። በአንድ ኬብል ከተገናኘኸው ሳጥን ጋር ስለሆንክ እለፈው። ኢንተርኔት ላይ ግን እንዲህ አትለፍ።

ለምን የላፕቶፑን አድራሻ እንደቀየርን ይግባህ። ላፕቶፕህ 192.168.1.50 ሆኖ 10.0.0.2ን ብትፈልግ፣ ማስኩን አይቶ «ይህ የእኔ ሰፈር ሰው አይደለም» ይልና ጥያቄውን ለጌትዌይ ይሰጣል። ጌትዌዩም ስለዚያ ሰፈር የሰማው ነገር የለም፣ ይጥለዋል። ሳጥኑ ግን እኮ በአንድ ሜትር ኬብል ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል! ጎረቤትህን በር ከማንኳኳት አዘዞ ሄደህ ታክሲ ተራ ላይ እንደመጠየቅ ነው።

አሁን ገባህ እንበል። ቶሎ ብለህ ቁጥር አትጻፍ። ወረቀት አምጣ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አድራሻ መጻፉ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሥራው የትኛውን እንደምትጽፍ መወሰኑ ነው። ራውተርህ ከ192.168.1.2 እስከ 192.168.1.254 ያለውን ሁሉ የሚያድል ከሆነ፣ ከዚያ መሃል አንዱን በእጅህ ለስቶሬጅ ብትሰጥ ራውተሩ አያውቅልህም፤ አንድ ቀን ያንኑ ቁጥር ለአንድ ስልክ ይሰጠዋል። ያኔ ገጹ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ አይከፈትም፣ ከሰዓት ይሠራል፣ ጠዋት አይሠራም፣ አንተም ኬብል ስትቀያይር ትውላለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ራውተሩን «ከ100 እስከ 200 ያለውን ብቻ አድል» በለው። ከ100 በታች ያለው የአንተ ይሁን። ለኮንትሮለር ኤ 192.168.1.20፣ ለኮንትሮለር ቢ 192.168.1.21። ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ የራውተሩ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1።

ያንን ቁጥር ሌላ ሰው እንዳልያዘው አጣራ። ፒንግ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ዊንዶውስ ፋየርዎሉ ፒንግ እንዳይመልስ አድርጎት ይሆናል። ፒንግ አድርገህ ባይመልስም ወዲያው የላፕቶፕህን የአርፕ ሰንጠረዥ (የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ እንደሆነ የሚይዝበትን ዝርዝር) ክፈት። ከቁጥሩ ጎን ማክ አድራሻ ከተጻፈ ሰው አለበት፣ ዝም ብሎህ ነው እንጂ። ይህን የምታደርገው በቢሮው ኔትወርክ ላይ ሆነህ ነው፤ ከሳጥኑ ጋር ብቻ በተገናኘ ላፕቶፕ አይታይም። የጠፋ ኮምፒውተርም አይታይም፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ሞክረው።

አንዳንዶች «ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው ቦታ ላስይዝለትና ዲኤችሲፒው ይቀጥል» ይላሉ። ለፕሪንተር እሺ። ለስቶሬጅ አልወድም። መብራት መጥቶ ሁሉም እኩል ሲነሱ ያው ራውተሩ እስኪነቃ መጠበቅ ነው፤ ያንተም ችግር የመጣው ከዚያው ነው። ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ይጻፍ።

ከዚህ በኋላ ተራውን ጠብቅ። አንተ የገባኸው በኤ በኩል ስለሆነ መጀመሪያ የቢን አድራሻ ቀይር። አስቀምጥ። ቀጥሎ የኤን ቀይር። «አስቀምጥ» ስትል ገጹ ይደርቃል። አትደንግጥ፣ ሪሴትም እንዳትነካ! የቆምክበትን መሬት ነው የቀየርከው። ላፕቶፕህን ወደ 192.168.1.50 መልሰውና በአዲሱ ቁጥር ግባ። ኬብሎቹን ወደ ስዊቹ መልስ፣ የቢውንም ሰካ። ሁለቱንም በየአድራሻቸው ክፈታቸውና ሁለቱም መግቢያ ገጽ እንደሚያሳዩህ እይ።

ቁጥሩን ስትጽፍ ግን ጣትህን ጠብቅ። እኔ ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ስሙ ይቅር፣ 192.168 ልጽፍ ብዬ 192.186 ጻፍኩ። ስምንቷና ስድስቷ ቦታ ተለዋወጡ። ሳጥኑ ምንም አላለም፣ ትክክለኛ አድራሻ ነዋ፣ የሌላ አገር ሰው ይሁን እንጂ። አስቀመጥኩ፣ ገጹ ደረቀ፣ በአዲሱ ቁጥር ብሞክር የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ኬብል ስነቅል ስሰካ፣ ስዊች ስቀይር፣ ሰው ሳማርር ዋልኩ። ያወጣኝ የሲሪያል ኬብሉ ነው። ሳጥንህ አብሮት አንድ አጭር የዩኤስቢ ወይም የሲሪያል ኬብል መጥቶ ከሆነ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት። አድራሻው ምንም ይሁን ምን በእሷ ትገባለህ። ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈት፣ ሲሪያል በል፣ ፍጥነቱን ሳጥንህ የሚለውን ስጠው (ብዙዎቹ 115200 ናቸው)፣ ኢንተር ምታ። ያቺን 186 ስክሪኑ ላይ ሳያት ሳቄም ንዴቴም አብሮ መጣ።

ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ ልምጣ። የኤ ማኔጅመንት ፖርት የኤ ነው፣ የቢ የቢ። ኤ አንድ ቀን ቢሞት ዳታው በቢ በኩል ይቀጥላል፤ አንተ ግን የቢን ፖርት ካልሰካህ ሳጥኑ ምን እንደሆነ የምታይበት መስኮት የለህም። አንድ ኬብል ነው፣ ሰካው። ሁለት ስዊች ካላችሁ ኤን ወደ አንዱ፣ ቢን ወደ ሌላው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ማኔጅመንቱ የተማሪዎች ዋይፋይ ያለበት ኔትወርክ ላይ መሆኑ አልተመቸኝም። ስዊችህ ቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ኔትወርኮች መክፈል) የሚያውቅ ከሆነ ለብቻው ቪላን ስጠው፤ ካልሆነ የኮሌጁን ዋይፋይ ለይ። የፋብሪካውን ፓስወርድም ዛሬውኑ ቀይር። በይነመረብ ላይ ፈልጎ የማያገኘው ተማሪ የለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ማራኪ አካባቢ ባለ ክሊኒክ የላብራቶሪ ኃላፊ ነኝ። ሳጥናችን ላይ አይፒና ማስክ ሞልቼ ጌትዌይ የሚለውን ባዶ ተውኩት። ሁሉም ይሠራል። ሳይሞላ ቢቀር ችግር አለው? ደግሞ የመዝገቡ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር አይገናኝም፣ መብራት የጠፋው ከምሽቱ 1:40 ነው፣ እሱ 16:40 ይላል።

መልስ፦ ገጹን የሚከፍቱት እዚያው ክሊኒክ፣ እዚያው ሰብኔት (ማስኩ የወሰነው ሰፈር) ውስጥ ሆነው ከሆነ ያለ ጌትዌይም ይሠራል። ጌትዌይ የሚያስፈልገው ሳጥኑ ራሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ነው፤ ዲስክ ሲሞት ኢሜይል እንዲልክልዎ፣ ሰዓቱንም ትክክለኛ ሰዓት ከሚያድለው ኤንቲፒ ሰርቨር እንዲያስተካክል። ስለዚህ ይሙሉት፣ ዲኤንኤሱንም (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመውን) አብረው ይሙሉ። ያለ ዲኤንኤስ የኢሜይል ሰርቨሩን በስሙ አያገኘውም፣ ሰዎች ይህን ይረሱና «ኢሜይሉ አይሠራም» ይላሉ። ዲስክ መሞቱን በኢሜይል ማወቅና አንድ ቀን ሳጥኑ ሲጮህ ማወቅ ልዩነቱ ብዙ ነው።

ሰዓቱ ትክክል ነው፣ እርስዎም ትክክል ነዎት። ከምሽቱ 1:40 በፈረንጅ አቆጣጠር 19:40 ነው። ሳጥኑ ደግሞ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ነው ያለው፣ እሱም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ 16:40 ሆነ። የሰዓት ክልሉን +3 ላይ ያድርጉት፣ ከዚያ መዝገቡን ሲያነቡ 6 መቀነስ ብቻ ነው (13:40 ከመጣ 1:40 ማለት ነው)። ሳጥኑ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዊንዶውስ የተጠቃሚዎች መዝገብ) ውስጥ የገባ ከሆነ ሰዓቱን ችላ አይበሉት። ማንነትን የሚያጣራው ከርበሮስ በነባሪው ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም፣ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ አያስገባዎትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለን። ትንሽ ናስ (በኔትወርክ የሚከፈት የፋይል ሳጥን) ገዝተን የሠርጉንም የጥምቀቱንም ቪዲዮ እዚያ ነው የምናከማቸው። ከኋላው ሁለት ፖርት አለው። ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም አንድ ስዊች ላይ ሰካሁና አንዱን 192.168.1.30፣ ሌላውን 192.168.1.31 አልኩት። ፍጥነቱ አልጨመረም። ጭራሽ አንዳንዴ ይቆማል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት በር የከፈትሽ መስሎሽ ነው እንጂ ሳጥኑ የሚወጣው በአንዱ ነው። ሁለቱ አድራሻዎች አንድ ሰብኔት ውስጥ ስለሆኑ «ወደዚህ ሰፈር መልስ ለመላክ በየትኛው ልውጣ?» ለሚለው ሳጥኑ አንዱን ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜም ያንኑ። ይባስ ብሎ የአብዛኞቹ ናሶች ሆድ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ ሳይነኩት ከተውት «31 ማነው?» ሲባል 30ን የያዘው ፖርትም «እኔ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት፣ ከዚያ መንተባተብ። መቆሙ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ቦንዲንግ የሚባል ሁለቱን ፖርት አንድ አድርጎ አንድ አድራሻ የሚሰጥ መንገድ አለ። ኤልኤሲፒ የሚባለውን ከመረጥሽ ስዊቹም መቻል አለበት፣ ተራው ስዊች አይችልም። ቢችልም አንድ ኮምፒውተር አንድ ፋይል ሲቀዳ በአንዱ ሽቦ ብቻ ነው የሚሄደው፤ በአንድ ጊጋቢት በሴኮንድ ወደ 110 ሜጋባይት ገደማ፣ ከዚያ አይዘልም። ጥቅሙ ብዙ ሰው ባንዴ ሲሠራ ነው።

እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ ነበር የማደርገው። አንዱን ፖርት ስዊቹ ላይ በ192.168.1.30 ልተወው፣ ለቢሮውም ለማኔጅመንቱም እሱ ይበቃል። ሁለተኛውን ፖርት ቪዲዮ ወደሚቆረጥበት ኮምፒውተር በቀጥታ ኬብል ልውሰደው። ኮምፒውተሩ ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ይፈልጋል። ናሱን 10.10.10.1፣ ኮምፒውተሩን 10.10.10.2፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ ሁለቱም ላይ ባዶ። ፎልደሩን በ10.10.10.1 ክፈቺው። ሌላው ፊልም ሲያወርድ አንቺን አይነካሽም።

ጥያቄ፦ አድራሻውን ሳጥኑ ላይ ጽፌ ልለጥፍ ወይስ ሚስጥር ነው? ኤክሴል ላይ ግን መዝግቤዋለሁ።

መልስ፦ አይፒው ይለጠፍ፣ ፓስወርዱ አይለጠፍ። ኤ ስንት፣ ቢ ስንት፣ ማስኩ፣ ጌትዌዩ፣ የትኛው ኬብል የስዊቹ ስንተኛ ቀዳዳ ላይ እንደገባ። ኤክሴሉን የት ነው ያስቀመጥከው? ስቶሬጁ ላይ ነው አይደል?